ሥዕል፣ ዜማ፣ ድራማ ወይስ ቴራፒስት? ቋንቋ ለሚማር ሰው የቱን እንምረጥ

"ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ ግን አያወራም።" ውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች በተገናኙ ቁጥር ይህች ነገር ሳትነሣ አትቀርም። ሌላም አለች፦ "ባለቤቴ የጀርመንኛ ኮርሱን ጨርሷል፣ ፈተናውንም አልፏል፣ ስልክ ሲጠራ ግን ለእኔ ነው የሚያቀብለኝ።" ለሁለቱም የሚሰጠው ምክር አሁን አሁን አንድ ሆኗል፤ "አርት ቴራፒ ሞክሩ" ይባላል።

ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን በዚህ ስም የሚጠራው ነገር በዛ። አንዱ የሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጠው ሕክምና ነው። አንዱ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ከለር ይዘው የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ዜማም አለ፣ ድራማም አለ። ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ የሚፈቱት ችግርም እንደዚያው።

እኔ ለመምረጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የሰውየውን አፍ የያዘው ምንድን ነው? ቃል አጥቶ ነው? ድምፁ አልወጣ ብሎት ነው? "ይስቁብኛል" ብሎ ነው? ወይስ ከቋንቋው በፊት የደረሰበት ነገር አለ? ይህ ከተለየ ቀሪው ቀላል ነው። ካልተለየ ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ይባክናል።

አፍን የያዘውን በአንድ ወረቀት ማወቅ

ለዚህ ርካሽ መንገድ አለ። በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሀንስ ዩርገን ክሩም፣ ኋላም ብሪጊታ ቡሽ የሠሩበት ዘዴ ነው፤ "የቋንቋ ምስል" ልንለው እንችላለን። ለተማሪው ባዶ የሰው ቅርጽ ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ለሚያውቀው ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ቀለም ይመርጣል። ከዚያ ያ ቋንቋ በሰውነቱ ውስጥ የት እንዳለ ይቀባል። ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለም። ሲጨርስ "እስቲ ስለ ሥዕልህ ንገረኝ" ይባላል፤ በፈለገው ቋንቋ።

አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እንግሊዝኛን ሰማያዊ አድርጋ ጭንቅላቱን፣ እጆቹንና አፉን ሞላችው። ለአማርኛ አረንጓዴ መረጠችና ሁለቱን ጆሮዎች ብቻ ቀባች። ትንሽ አሰበችና ሆዱ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ጨመረች። ምን እንደሆነች ስትጠየቅ "እንጀራ" አለች። እናቷ ስታስመዘግባት "ምንም አማርኛ አትችልም" ብላ ነበር። ወረቀቱ የሚለው ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ትሰማለች፣ ቃሉም በጆሮዋ አለ፤ አፏ ነው በሌላ ቋንቋ የተያዘው። ለእንዲህ ያለች ልጅ ፍላሽ ካርድ መደርደር ዋጋ የለውም። እሷን የምልካት ወደ ድራማው ነው።

ዘዴው ለአዋቂም ይሠራል። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ በቤት፣ አማርኛ በትምህርት ቤት፣ ዐረብኛ በሥራ፣ አሁን ደግሞ ጀርመንኛ ያለበት ሰው "ቋንቋ አይገባኝም" ሲል ራሱን አላየም ማለት ነው። አራት ቀለም ወረቀት ላይ ሲያይ ፊቱ ይለወጣል።

ቴራፒስት፦ መቼ ግድ ነው፣ መቼ አያስፈልግም

አርት ቴራፒ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድሪያን ሂል ነው። በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሲያገግም ሥዕል እንደረዳው አየና ለሌሎች ሕሙማንም ማካፈል ጀመረ። ያኔም ሆነ ዛሬ ሥራው የታመመ ስሜትን ማከም ነው። ቴራፒስቱ ግሥ አያስረባም፣ የቤት ሥራ አይሰጥም። ልጃችሁ ቃል ብቻ ከጎደለው ወደዚህ አትሂዱ። ውድ ነው፣ ቦታውም የሌላ ሰው ነው።

ግድ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። በሊቢያ ወይም በሲና በረሃ አልፎ የመጣ ሰው ክፍል ውስጥ መቀመጥ ሊያቅተው ይችላል። በር ሲዘጋ ይደነግጣል፣ ሌሊት አይተኛም፣ ትናንት የተማረው ዛሬ የለም። መምህሩ "ሰነፍ" ሊለው ይችላል። ያላረፈ አእምሮ ግን አዲስ ቃል አይዝም። በቤት እንደ ልቡ እያወራ ትምህርት ቤት ሲገባ ጭራሽ ድምፁ የሚጠፋ ልጅም አለ። አዲስ አገር የገባ ልጅ ለተወሰኑ ወራት ዝም ቢል የተለመደ ነው፤ እያዳመጠ ነው። ነገር ግን ቋንቋውን ችሎም፣ ከትምህርት መጀመሪያው ወር በኋላም ዝምታው ከቀጠለ ባለሙያ ይየው። ከአርት ቴራፒስት በፊት የንግግር ባለሙያ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያየው እመርጣለሁ።

ቴራፒስት ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት "በየትኛው ቋንቋ ነው የምንሠራው?" ብላችሁ ነው። ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ የሙያው ቀዳሚዎች ራሳቸው በዚህ አካባቢ መንገዳቸው ይለያያል። ማርጋሬት ናምበርግ ሥዕሉን የንግግር መነሻ ታደርገው ነበር፤ ሰውየው ስለ ሳለው ነገር ማውራት አለበት። ኢዲት ክሬመር ደግሞ ዋናው መሥራቱ ራሱ ነው ትላለች። ክሬመር ወደ ኒውዮርክ ከመሄዷ በፊት በፕራግ ለስደተኛ ልጆች በሚሰጥ የሥዕል ትምህርት ትረዳ ነበር፤ ቋንቋ የተቸገረ ልጅ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ስለዚህ ቴራፒስቱ ንግግር የሚያበዛ ከሆነ አማርኛ የሚችል ወይም አስተርጓሚ ያለው ይሁን። መሥራት የሚያበዛ ከሆነ በትንሽ ቋንቋም መጀመር ይቻላል።

አደራ፣ የገዛ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ባንክ ቤት ልጅ ያስተርጉም፤ ይሁን። የአባቱን ቅዠት የሚተረጉም ልጅ ግን ሌላ ታካሚ ይሆናል።

ማረጋገጫውም እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝ አገር የአርት ቴራፒስት ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኤችሲፒሲ በሚባለው ተቆጣጣሪ መዝገብ ላይ ስሙን በኢንተርኔት መፈለግ ይቻላል። በአሜሪካ ኤቲአር-ቢሲ (ATR-BC) የሚል፣ የተመዘገበና የተረጋገጠ አርት ቴራፒስት መሆኑን የሚያሳይ ማዕረግ አለው ወይ በሉ፤ የስቴቱ ፈቃድ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በጀርመን ስሙ በሕግ አልታጠረም። እዚያ የት እንደተማረ፣ ለስንት ዓመት እንደተማረ መጠየቅ ነውር የለውም። በእስራኤል አርት ቴራፒስቶች በትምህርት ቤቶች ውስጥ ስለሚሠሩ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን አማካሪ አናግሩ፤ በግል ከመክፈል ያድናችሁ ይሆናል።

ሥዕል፦ ቃል ለጎደለው

ቃል አልያዝ ላለው ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሰዎች ቃላትን እንዲስሉ ወይም ደጋግመው እንዲጽፉ አደረገ። ለእያንዳንዱ ቃል 40 ሰከንድ ተሰጣቸው። የሳሉት ከጻፉት የበለጠ አስታወሱ። ጊዜው ወደ 4 ሰከንድ ሲወርድም ሥዕሉ በለጠ። የሥዕሉ ማማር ምንም ለውጥ አላመጣም፤ "መሳል አልችልም" ለሚል ሰው ጥሩ ዜና ነው። ቃላቱ ግን ሰዎቹ ቀድሞ የሚያውቋቸው ነበሩ። ስለዚህ አዲስ ቃል ስናስተምር መጀመሪያ ማሰማት፣ ከዚያ ማሳል ይሻላል እላለሁ።

ጥሩ መነሻ ወጥ ቤት ነው። ልጁ የአያቱን ወጥ ቤት ይሳል፦ ምጣድ፣ አክንባሎ፣ ሰፌድ፣ መሶብ፣ ጀበና። ስሙን አጠገቡ ይጻፍ፤ ካልቻለ እናንተ ጻፉለት። ከዚያ ሥዕሉን በቪዲዮ ስልክ ለአያት ያሳይ። እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚሠራው። አያትየዋ "ኧረ ይሄ አክንባሎ አይመስልም፣ የእኔ እጀታ አለው" ትላለች። ልጁ ያርማል። "እዚህ ጋ?" ይላል። "ከፍ አድርገው፣ መሃል ላይ" ትላለች። ማንም ትምህርት ነው ያላለው ውይይት ሩብ ሰዓት ሄደ።

የሥዕል ጉድለቱ ስም ላይ መቅረቱ ነው። ምጣድ ይሳላል፤ "ልትጋግር ነበር" አይሳልም። መፍትሔው ወረቀቱን ለሦስት መክፈል ነው። በመጀመሪያው ሊጡ አለ፣ በሁለተኛው ምጣዱ ላይ ነው፣ በሦስተኛው መሶብ ውስጥ። አሁን ልጁ "ልትጋግር ነው፣ እየጋገረች ነው፣ ጋገረች" ለማለት ምክንያት አገኘ። የአማርኛ ግሥ ውጭ አገር ያደገን ልጅ የሚያንከራትተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሦስቷን ሣጥን አትናቋት።

ሌላው ጉድለት ማስዋብ ነው። ልጁ ሰማይ ሲቀባ አንድ ሰዓት ያልፋል፣ አንድም ቃል አልወጣውም። ወላጅም "ዛሬ አማርኛ ተማረ" ብሎ ይረካል። አሥር ደቂቃ ይሳል፣ ሃያ ደቂቃ ይወራበት። መቀባቱን ከፈለገ ቤቱ ይጨርስ።

ፊደል ለሚያስተምር ሰውም አንድ ነገር ልበል። ፊደሉን ወደ እንስሳ ሥዕል የሚለውጡ ወረቀቶች ቆንጆ ናቸው፤ ግን የሚረዱት ለመጀመሪያው ቤት ብቻ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲበዙ 231 ይሆናሉ። ያን ሁሉ ሥዕል ማን ይችለዋል? ይልቅ ቀለሙን ለቤቱ ስጡት። ካዕብ ሁሉ ቀይ፣ ሣልስ ሁሉ ሰማያዊ፣ ራብዕ ሁሉ አረንጓዴ። ልጁ የካዕብ ምልክት ወገብ ላይ፣ የሣልስ ደግሞ እግር ላይ እንደሚቀጠል በዓይኑ ይይዛል። ሩ እና ሪ አመላቸው ለብቻ ነው፣ ሳድስማ ጭራሽ ሥርዓት የለውም። እነዚያን በቃል ማጥናት ነው፤ ሌላ መላ የለም።

ዜማ፦ ድምፁ አልወጣ ላለው

ይህን እኛ ከማንም በፊት እናውቀዋለን። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ የሚያልፈው በዜማ ነው። በቤቱ ማንም የማይናገረውን ግእዝ አጥርቶ ያነባል። ከዚያም ዳዊት ይደግማል።

የቅርብ ጊዜ ጥናትም አለ። በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ 60 አዋቂዎች ለ15 ደቂቃ የሀንጋሪኛ ሐረጎችን ተማሩ። አንዱ ቡድን በንግግር፣ አንዱ በምት፣ አንዱ በዜማ ደገመ። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት በዜማ የተማሩት ሐረጎቹን መልሶ በመናገር በለጡ።

ለአማርኛ ጥቅሙ ሁለት ነው። አንዱ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ናቸው። በእንግሊዝኛ ያደገ ልጅ "ቀ"ን "ከ" ያደርገዋል። "በል በደንብ በለው" ብትሉት ያፍራል፤ በምት ውስጥ ግን እንደ ከበሮ ይመታዋል። ሁለተኛው የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ነው። ጽሑፉ አያሳየውም። "ገና አልመጣም" እና "የገና በዓል" ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። በሚጠብቀው ላይ አንድ ጭብጨባ ጨምሩ፤ ልዩነቱን ጆሮው ወዲያው ይይዘዋል።

ለጀማሪ ቅብብል ያለው ዘፈን ምረጡ። የአዲስ ዓመቱን አበባየሆሽ አስቡት። አውጪዋ ብዙ ትላለች፣ ተቀባዩ "ለምለም" ብቻ ይላል። አንድ ቃል የያዘ ልጅም ከጭፈራው አይቀርም።

ጉድለቱን ደግሞ እዚያው ቄስ ትምህርት ቤት ታገኙታላችሁ። ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር የሚወርድ ልጅ ትርጉሙን ላያውቅ ይችላል። ዜማ ድምፅን ያስይዛል፤ ማውራትን አያስተምርም። በሰርግ ቤት ሙሉ ዘፈኑን እየዘፈነ "ውሃ ስጡኝ" ማለት የማይችል ልጅ አላያችሁም? ስለዚህ ዘፈኑ ከተያዘ በኋላ ቃል ቀይሩበት። "አበባ" ያለውን "ብርቱካን" በሉት፣ የልጁን ስም አስገቡበት። ከሳቀ ገብቶታል ማለት ነው።

ድራማ፦ ሰው ፊት ለሚፈራ

ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል በ1973 እ.ኤ.አ. በፔሩ በተካሄደ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሠርቷል። ተሳታፊዎቹ አፍ የፈቱበት ቋንቋ የተለያየ ነበር። እሱ "ተናገሩ" ከማለት በፊት "በሰውነታችሁ አሳዩ" አለ። ሰዎቹ እርስ በእርስ እንደ ሐውልት እየተቀራረጹ ኑሯቸውን አሳዩ፤ ንግግሩ ከኋላ መጣ። ለዝምተኛ ተማሪ ይህ ቅደም ተከተል ወርቅ ነው።

ለልጆች የእጅ አሻንጉሊት በቂ ነው፤ የድሮ ካልሲ ላይ ሁለት ቁልፍ ስፉ። ስሕተቱ የአሻንጉሊቱ ስለሚሆን ልጁ አይሸማቀቅም። አማርኛ ላይ ደግሞ ልዩ ጥቅም አለው። አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ልጃገረድ፣ አንድ ልጅ አዘጋጁ። ሦስቱም "ና" አይባሉም። "ይምጡ አባባ"፣ "ነይ"፣ "ና" ማለት አለበት። አያቱን "አንተ" ብሎ ቤቱን ሁሉ ያሳቀ ልጅ፣ ሽማግሌው አሻንጉሊት "ምን አልክ አንተ!" ብሎ ሲቆጣው አይረሳም።

ስልክ ለሚፈራው አዋቂ ሌላ መላ አለ። ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ ታስቀምጣላችሁ። ስልክ ላይ ፊትና እጅ ስለማይታይ ነው የሚያስፈራው፤ ስለዚህ ፊት ሳይተያዩ ይለማመድ። አንዱ የሐኪም ቤት ፀሐፊ ይሁን፣ ሌላው ቀጠሮ ይዛወርልኝ ባይ። በመሃል ፀሐፊዋ ፈጥና ትናገር። ሰውየው መማር ያለበት ዋና ነገር "ይቅርታ፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ" ማለት ነው።

ድራማ የሚበላሸው ይሉኝታ ባልታየበት ቤት ነው። ለእንግዳ "ናማ እስቲ አማርኛ ተናገርላቸው" ብሎ ልጅን መሃል ማቆም ድራማ አይደለም፤ ፈተና ነው። እርማትም በጨዋታው መሃል አይግባ። ሦስት ስሕተት ያዙ፣ ሲያልቅ ንገሩት፣ የቀረውን እለፉት።

የቀሩት

በሸክላ ወይም በመጫወቻ ሊጥ መሥራት ለትንንሾች ደስ ይላል። "ድቦልቡል፣ ጠፍጣፋ፣ ረጅም" ለማለት ይጠቅማል፣ ከዚያ ብዙ አይሄድም። እስክስታ ለአማርኛ ፍቅር እንጂ ለአማርኛ ቃል እምብዛም ነው። ለወጣቶች የምመርጠው ፎቶ ነው። ከለር ስትሰጧቸው "ልጅ አደረጋችሁኝ" ይላሉ፤ ስልካቸው ግን ከእጃቸው አይለይም። በሳምንት ሦስት ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር በድምፅ ቀድተው ለአክስት ይላኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ይሠራል። የቋንቋ መምህር ሐኪም አይደለም። ስደት ያየ ተማሪ ጀልባ ቢስል "ምን ደረሰብህ?" ብሎ መቆፈር የለበትም። "ስለ ሥዕልህ መንገር ትፈልጋለህ?" ይበል፤ ካልፈለገ ይለፈው። ደጋግሞ ያንኑ ከሳለ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም አልቅሶ ካልበረደለት ወደ ባለሙያ ይምራው።

ከእነዚህ አንዳቸውም የትምህርት ሰዓት አይተኩም። በጀርመን አዲስ ገቢዎች የሚወስዱት መደበኛው የውህደት ኮርስ 600 ሰዓት የቋንቋ ትምህርት የሚይዘው ያለ ነገር አይደለም። ሥዕሉም ድራማውም ኮርሱ ላይ የሚጨመር ነው። "ኮርሱን ተውና ወደ እኔ ና" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥርጣሬ ይግባችሁ።

ለልጃችሁ በሥዕል ወይም በድራማ አማርኛ እናስተምራለን ለሚል ክፍል ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አትዩ፤ ሰዓት ያዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጆቹ ስንት ደቂቃ በአማርኛ አወሩ፣ መምህሯስ ስንት ደቂቃ? መቀስና ሙጫ ሲቀባበሉ በምን ቋንቋ ነው የሚጠያየቁት? "ቀዩን አቀብለኝ" በእንግሊዝኛ ከሆነ ክፍሉ ጥሩ የሥዕል ክፍል ሊሆን ይችላል። ሥዕል እንዲማር ከፈለጋችሁ አስመዝግቡት፤ ለአማርኛው ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።